ለእናታችሁ ወገብ የገዛችኋት ማሽን፦ ቴንስን ቤት ውስጥ እንዴት እንጠቀም

ለበዓል ወደ ጎጃም ከሚገባው ሻንጣ ውስጥ አሁን አሁን ከስኳሩና ከጫማው ጎን አንዲት ትንሽ የንዝረት ማሽን ትወጣለች። ሞባይል የምታክል ናት። ሁለት ሽቦና አራት ተለጣፊ አላት። ልጅ ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ ይልካታል፤ እናት ደብረ ማርቆስ ወይም ሞጣ ሆና ትቀበላለች። ከዚያ ወይ ቁም ሳጥን ላይ አቧራ ትጠጣለች፣ ወይ ጎረቤቱ ሁሉ ይዋዋሳታል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚብስ እንጃ።

ቴንስ ትባላለች። በቆዳ በኩል ቀላል ኤሌክትሪክ እየላከች ነርቭ የምታነቃቃ መሣሪያ ናት። በፊዚዮቴራፒ ክፍል ካሉት የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ውስጥ ቤት ገብታ ልትሠራ የምትችለው በዋናነት እሷ ስለሆነች፣ ይህ ጽሑፍ ስለ እሷ ነው። ሌሎቹን ወደ መጨረሻው እነካካቸዋለሁ።

ከመነሻው አንድ ነገር እንግባባ። ቴንስ አታድንም። የተንሸራተተ ዲስክ አትመልስም፤ ያለቀ የጉልበት መገጣጠሚያ አትጠግንም። የምትሠራው ሕመሙን ለጊዜው ዝም ማሰኘት ነው። ቁም ነገሩ ያለው ሕመሙ ዝም ባለባት ሰዓት ላይ ነው። ያኔ ተነስቶ መራመድ፣ ባለሙያ ያሳየውን እንቅስቃሴ መሥራት። ለጥፈው ከተኙባት ገንዘቡ ውኃ በላው።

እንዴት ነው የምትሠራው?

ክርናችሁን በር ሲመታው ወዲያው ታሹታላችሁ አይደል? ማሸቱ ያስታግሳል። ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1965 እ.ኤ.አ. ለዚህ ምክንያት አቀረቡ። በኅብለ ሰረሰር ውስጥ የሕመም መልእክት የሚያልፍበት በር አለ አሉ። መዳሰስንና ንዝረትን የሚያደርሱት ወፍራም ነርቮች ሲነቁ ያ በር ይጠባል፤ ወደ አንጎል የሚደርሰው ሕመም ይቀንሳል። ቴንስ እነዚያን ወፍራም ነርቮች ነው የምትቀሰቅሰው።

ማስረጃው ምን ይላል ለሚል ሰው፦ በ2022 እ.ኤ.አ. 381 ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ ታትሟል። ማሽኑ በርቶ ሳለና እንደጠፋ ወዲያው ሕመም እንደሚቀንስ አሳይቷል። በሌላ በኩል ናይስ የሚባለው የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም በ2016 ለወገብ ሕመም ቴንስ አትስጡ ብሏል። እኔ ሁለቱን አንድ ላይ አነባቸዋለሁ። ለአንድ ሰዓት እፎይታ ትሆናለች፤ ለዓመት የቆየን ወገብ ግን ብቻዋን አትቀይርም።

ከማሽኑ በፊት፦ ይህ ሕመም የቴንስ ነው?

አንዳንድ ሕመም ዝም መባል የለበትም። እናታችሁ ወይም አባታችሁ ከወገብ ሕመሙ ጋር ሽንት መቆጣጠር ካቃታቸው፣ መቀመጫቸው አካባቢ ከደነዘዘ፣ ወይም እግራቸው እየዛለ ከሄደ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስና ሌሊት የሚብስ ሕመም ካለም እንዲሁ። የአከርካሪ ቲቢ በአገራችን ያለ በሽታ ነው፤ እንደ ተራ የወገብ ሕመም ተቆጥሮ ወራት ሊያልፍበት ይችላል። እንጅባራ አካባቢ ከፈረስ፣ ሌላውም ጋ ከበቅሎ የወደቀ ሰው ራጅ ሳይነሣ ማሽን አይለጠፍበትም። ደረት ላይ ላለ ሕመምማ ጨርሶ አታስቡት። መንስኤው ልብ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ጨርሶ የማይለጠፍባቸው ሰዎችና ቦታዎች አሉ፦

ፔስሜከር (የልብ ምት የሚያስተካክል መሣሪያ) ወይም ሌላ በሰውነት ውስጥ የተቀበረ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ያለው ሰው አይጠቀም። ነፍሰ ጡር ከሆነች ሆዷና ወገቧ ላይ አይለጠፍ። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ያለ ሐኪም ምክር አይሞክር፤ አንገትና ጭንቅላቱ ላይማ በፍጹም። ካንሰር ያለበት ቦታ፣ የደም መርጋት የተጠረጠረበት እግር፣ ቁስል፣ የተቆጣ ቆዳ አይነካም። ማንም ሰው ላይ ቢሆን አንገት በፊትና በጎን በኩል አይለጠፍም። እዚያ የደም ግፊትንና የልብ ምትን የሚቆጣጠር ስሱ ቦታ አለ። አንዱን ተለጣፊ ደረት ላይ ሌላውን ጀርባ ላይ አድርጎ ኤሌክትሪኩን በልብ በኩል ማሳለፍም ክልክል ነው። ዓይንም እንደዚያው።

እኛ አካባቢ በተለይ የሚታሰብበት ነገር የደነዘዘ እግር ነው። ስኳር ያለበት፣ ወይም ስጋ ደዌ ነክቶት የዳነ ሰው እግሩ ላይ ስሜት ላይኖረው ይችላል። የማይሰማው ሰው ኃይሉ ሲበዛ አይነግራችሁም፤ ቆዳው ይቃጠላል። በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር በመሥራት የሚመጣው የእግር ዝሆኔም በጎጃም ብዙ ሰው ነክቷል። ያበጠና የተሰነጣጠቀ እግር የሚፈልገው በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት፣ ጫማና ሕክምና ነው እንጂ ንዝረት አይደለም።

ስሜቱን መፈተሽ

አንድ ስቴኪኒና ትንሽ ጥጥ ያዙ። እናታችሁ ዓይናቸውን ይጨፍኑ። ልትለጥፉበት ያሰባችሁትን ቦታ አንዴ በስቴኪኒው ጫፍ ቀስ አድርጋችሁ፣ አንዴ በጥጡ ንኩ። ተራውን አዘበራርቁት። «ሹል ነው ወይስ ለስላሳ?» ብላችሁ ጠይቁ። ደጋግመው ከሳቱ እዚያ ቦታ ላይ አትለጥፉ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ከመመሪያው ሁሉ ሰው የሚዘለው ይህን ነው፤ እኔ ግን ከሁሉም ይልቅ ይህን አትዝለሉ እላለሁ።

ቆዳውን ማዘጋጀት

የታመመ ወገብ በቅቤ መታሸቱ የተለመደ ነው። ወጌሻው ጋ ከተሄደ ቅቤው ወይም ቫዝሊኑ የማይቀር ነው። በቅቤ ላይ ተለጣፊ አይይዝም። በከፊል ሲይዝ ደግሞ ይብሳል፤ ኤሌክትሪኩ በያዘችው ትንሽ ቦታ ላይ ተጠራቅሞ ይቆነጥጣል። ስለዚህ በሳሙናና ለብ ባለ ውኃ አጥቡ፣ በደንብ አድርቁ። ጠጉር ከበዛ በመቀስ አሳጥሩት። ምላጭ አትጠቀሙ፣ ጥቃቅን ቁስል ይፈጥራል። ወጌሻው አሽቶ ያበለዘው ወይም የላጠው ቆዳ ካለ ደግሞ እስኪድን ጠብቁ።

ጠበል የሚጠመቁ ከሆነ ማሽኗ ቀድማ ትውለቅ። ከጠበል መልስ ገላቸው እስኪደርቅም አትለጠፍ።

የት ይለጠፍ?

ማሽኗ መጥፋቷን እዩ። ሽቦውን ከተለጣፊው ጋር ያገናኙ፣ ከዚያ ይለጥፉ፣ መጨረሻ ላይ ያብሩ። ሲነሣ በተቃራኒው ነው፤ መጀመሪያ ይጥፋ። እየሠራች ተለጣፊ የነቀለ ሰው ጣቱ ላይ ሲነዝረው ማሽኗን ወርውሮ ይሰብራታል።

ተለጣፊዎቹ እርስ በርስ መነካካት የለባቸውም። ቢያንስ የአንድ ተለጣፊ ስፋት፣ አምስት ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ በመካከላቸው ይኑር። ከእያንዳንዱ ሽቦ ጫፍ ሁለት ተለጣፊ ይወጣል፤ ኤሌክትሪኩ የሚሄደው በእነዚያ በሁለቱ መካከል ነው። ስለዚህ ሕመሙ በመካከላቸው እንዲውል አድርጉ።

ለወገብ፦ የአንዱን ሽቦ ሁለት ተለጣፊዎች ከአከርካሪው በስተቀኝ፣ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች፤ የሌላውን ሽቦ ሁለቱን በስተግራ እንደዚያው። የአከርካሪው አጥንት ራሱ ላይ አይደለም፤ ግራና ቀኝ ባለው ጡንቻ ላይ ነው። እንጀራ ሲጋግሩ ጎንበስ ብለው የዋሉ እናት እጃቸውን «እዚህ ጋ» ብለው የሚያሳርፉት አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ጡንቻ ላይ ነው። እጃቸውን ተከተሉ።

ለጉልበት፦ ሁለት ከጉልበቱ ሎሚ በላይ፣ በውስጥና በውጭ በኩል። ሁለት ከሎሚው በታች እንዲሁ። የአንዱ ሽቦ ከላይ በውስጥ በኩል ከሆነ፣ ጥንዱ ከታች በውጭ በኩል ይሁን። ሁለቱ መስመሮች ጉልበቱ ላይ ይሻገራሉ። በሁዳዴ ስግደቱ ሲበዛ ጉልበታቸው የሚያስቸግራቸው አባቶች ይህን አቀማመጥ ይወዱታል። እጥፍ ብለው ተቀምጠው አይደለም ታዲያ፤ እግራቸው ትንሽ ታጥፎ ትራስ ይደረግበት።

ከወገብ ወደ እግር የሚወርድ ሕመም ከሆነ አንዱን ወገብ ጎን፣ ጥንዱን መቀመጫ ላይ። ለትከሻ አንዱን ከፊት፣ አንዱን ከኋላ፤ ግን ትከሻው ጉልላት አካባቢ ብቻ፣ ወደ ደረት ሳይወርድ። ለማጅራት ከኋላ ብቻ፣ ከአጥንቱ ግራና ቀኝ።

ቁልፎቹን ማስተካከል

ብዙዎቹ ማሽኖች ላይ የሚስተካከሉት ሦስት ነገሮች ናቸው። ፍጥነት፣ የእያንዳንዷ ምት ርዝመት እና ኃይል። ፍጥነቱ በሄርዝ ይለካል፤ በሰከንድ ስንት ምት ማለት ነው። ርዝመቱ በማይክሮ ሰከንድ።

ለመጀመሪያ ቀን ፍጥነቱን ከ80 እስከ 100 ሄርዝ፣ ርዝመቱን 100 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ አድርጉት። ይህ የተለመደው አሠራር ነው። ቶሎ ያስታግሳል፤ ማሽኗ ስትጠፋም እፎይታው ብዙ አይቆይም። ሌላው አሠራር ከ2 እስከ 4 ሄርዝ፣ ርዝመቱም ወደ 200 ማይክሮ ሰከንድ ነው። ጡንቻውን ድም ድም ያደርገዋል። ሰውነት ራሱ የሚሠራቸውን የሕመም ማስታገሻዎች እንደሚያስለቅቅ ይታመናል። ለመጀመር ይዘገያል፤ ከቆመ በኋላ ግን ሊቆይ ይችላል። ትራማዶል የሚባለውን ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ አዘውትረው የሚወስዱ ሰዎች ላይ ይህ ሁለተኛው ደከም ሊል ስለሚችል በመጀመሪያው ይቆዩ።

ሦስተኛው ቁልፍ፣ ኃይሉ፣ ውጤቱን የሚወስነው እሱ ነው። ከዜሮ ጀምሩ። በጣም ቀስ አድርጋችሁ ጨምሩ።

«እማዬ፣ ተሰማሽ?»

«ምንም የለም ልጄ፣ ጨምረው።»

እዚህ ላይ ነው ጥንቃቄው። እናቶቻችን በሁለት በኩል ያታልሉናል። አንዱ ይሉኝታ ነው። ልጅ በገንዘቡ ገዝቶ ላመጣው ዕቃ «አልተሰማኝም» ማለት ይከብዳቸዋል። ስለዚህ ገና ሳይነካቸው «ተባረክ፣ ተሻለኝ» ይላሉ። ሌላው ጀግንነት ነው። አረም ሲያርሙ የዋሉ፣ ዳገት እንጨት ተሸክመው የወጡ ሴት የማሽን ንዝረት እንዴት ያሸንፋቸዋል! ጥርሳቸውን ነክሰው «ጨምር» ይላሉ። ቃላቸውን ሳይሆን ፊታቸውንና እጃቸውን እዩ። ጋቢያቸውን ጨብጠው ከያዙ በዝቷል።

ትክክለኛው ልክ ይህ ነው፦ መጀመሪያ እንደ ጉንዳን ሩጫ ይሰማቸዋል። ይጨመር። ከዚያ ጠንከር ያለ ግን የማያሳምም ንዝረት ይሆናል። እዚያ ላይ ቁሙ። ካቃጠለ፣ ከቆነጠጠ ወይም በፈጣኑ አሠራር ላይ ጡንቻው ከተኮማተረ ትንሽ መልሱ። በጣም ደካማ ንዝረት እምብዛም አይሠራም። ቴንስ ሞክሬ አልሠራችልኝም ካሉኝ ሰዎች ብዙዎቹ የሚጠቀሙት ገና ሲሰማ የሚቆም ኃይል ነው።

ከአሥር ደቂቃ በኋላ ስሜቱ ሊደክም ይችላል። ማሽኗ ተበላሽታ አይደለም፤ ሰውነት ለምዷት ነው። ትንሽ ጨምሩ።

ስንት ጊዜ፣ ስንት ደቂቃ?

የመጀመሪያው ቀን 15 ወይም 20 ደቂቃ ይበቃል። አንስታችሁ ቆዳውን እዩ። ቀለል ያለ መቅላት የተለመደ ነው፤ ብዙ ሳይቆይ ይጠፋል። ካልጠፋ ወይም ካሳከከ ለተለጣፊው ሙጫ አለርጂ ሊሆን ይችላልና ቁሙ። ደህና ከሆነ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ፣ በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ መጠቀም ይቻላል። ቦታውን በትንሹ ፈቀቅ እያደረጋችሁ።

በየቀኑ በአንድ ዓይነት ፍጥነትና ኃይል ከቀጠላችሁ በሳምንት ውስጥ ሥራዋ ሊቀንስ ይችላል። ፍጥነቱን ራሷ ከፍ ዝቅ የምታደርግበት ምርጫ ካላት እሱን ተጠቀሙ። ከሌላት አንድ ቀን ፈጣኑን፣ አንድ ቀን ዝግተኛውን አቀያይሩ።

ስለ ቡና ደግሞ ላንሳ፤ ጎጃም ውስጥ ይህን ማለት ድፍረት ቢሆንም። በ1995 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ አነስተኛ ጥናት ቡና ውስጥ ያለው ካፌይን የቴንስን ማስታገስ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ካፌይን የሚዘጋው አዴኖሲን የሚባለውን ንጥረ ነገር የሚቀበለውን ቦታ ነው፤ ቴንስ ደግሞ በከፊል በእሱ በኩል ሳትሠራ አትቀርም። ቡና ይቅር አልልም፣ ማንም አይሰማኝም። ግን ማሽኗን ከአቦል እስከ በረካ ከጠጡ በኋላ ሳይሆን ከቡናው በፊት ሞክሩ።

ለጥፎ ምን ይሠራል?

እዚህ ነው ሰው የሚሳሳተው። ማሽኗ ተለጥፋ ጋደም ይባላል፤ ሲነሡ ሕመሙ እዚያው ነው። ማሽኗን መቀነታቸው ላይ ያስይዙላቸውና ግቢ ውስጥ ይንቀሳቀሱ። ከወንበር መነሣትና መቀመጥ አሥር ጊዜ። ግድግዳ ይዞ ተረከዝ ማንሳት። በጀርባ ተኝቶ ጉልበት አጥፎ መቀመጫን ከፍ ማድረግ። ፊዚዮቴራፒስት ያሳየው ካለ ደግሞ እሱ ይቅደም። ቅዳሜ ገበያ በእግር የሚሄዱ ከሆነ ከመሄዳቸው በፊት ግማሽ ሰዓት፣ ተመልሰው ግማሽ ሰዓት ጥሩ አከፋፈል ነው።

ለጥፈው እንቅልፍ አይተኙ። መኪናም ባጃጅም አይንዱ። በቅሎም አይጋልቡ፤ ሳቅ አይደለም፣ ሽቦው ኮርቻ ላይ ሲያዝ ድንገት ይነዝራል። ምጣድ ፊትም አይቁሙ፤ እንፋሎትና እርጥብ እጅ አለ። ባትሪዋ የሚሞላ ዓይነት ከሆነች ሶኬት ላይ ተሰክታ ሳለ ገላ ላይ አትለጠፍ። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣውን ጉልበት እናውቀዋለን።

ስትገዙ

የሚዋዋሱት ተለጣፊ የቆዳ በሽታ ያዛምታል። ማሽኗ ትዋዋስ፣ ተለጣፊው ግን የየራስ ይሁን። ስትገዙም ተለጣፊው ለብቻው የሚገኝ መሆኑን አረጋግጡ። ተለጣፊ የማይገኝላት ማሽን ከጥቂት ሳምንት በኋላ ጌጥ ናት። ፍጥነትና ርዝመት ለየብቻ የሚስተካከሉባትን ምረጡ። ጡንቻ ለማጠንከር የሚሸጡ ተመሳሳይ ማሽኖች አሉ። ጡንቻ ያኮማትራሉ፤ ሥራቸው ሌላ ነው። ስኳርም ግፊትም ሪህም በአንድ ጊዜ አድናለሁ የምትል ማሽን ካጋጠማችሁ ሻጩን አመስግናችሁ እለፉ።

ሆስፒታል ወይም ክሊኒክ የሚገኙት ሌሎቹስ? አልትራሳውንድ አለ፤ በድምፅ ሞገድ የምታክም፣ የመሣሪያዋ ጭንቅላት በጄል ላይ ሳትቆም የምትዞር። 1 ሜጋ ሄርዝ ጥልቅ ላለ፣ 3 ሜጋ ሄርዝ ለቆዳ ቅርብ ለሆነ አካል ነው። ባለሙያው አንድ ቦታ ላይ አቁሟት ስልክ ካነሣ «ያቃጥለኛል» በሉ፤ ሊጎዳ ይችላል። ኢንተርፈረንሻል የሚባለው ወደ 4000 ሄርዝ የሚጠጉ ሁለት የኤሌክትሪክ ሞገዶችን እያሻገረ ይሠራል። ቀይ መብራቱ፣ ኢንፍራሬዱ፣ ሙቀት ነው። እነዚህ የቤት አይደሉም። መብራቱንም ቢሆን ገዝታችሁ አልጋ አጠገብ እንዳትተክሉት፤ ሰው ተኝቶበት ይቃጠላል።

ዕቃውን ማቆየት

ተለጣፊ ሲነሣ ጠርዙን ይዛችሁ ላጡት። ሽቦውን አትጎትቱ፤ የሚበጠሰው ከውስጥ ስለሆነ አይታይም፣ ማሽኗ ሞተች ተብሎ ይጣላል። ሙጫው ሲደርቅ ጣታችሁን በንጹሕ ውኃ ነክራችሁ ጠብ ጠብ አድርጉበትና ጥቂት ደቂቃ ይቆይ። መልሶ ይይዛል። እሱም እምቢ ካለ ይቀየር፤ በፕላስተር አጣብቆ መጠቀም ቆዳ ያቃጥላል። ተጠቅማችሁ ስትጨርሱ ላስቲኩ ላይ መልሳችሁ ለጥፉና ከአቧራ ራቅ ባለ ከረጢት ውስጥ አስቀምጡ። በ9 ቮልቱ አራት ማዕዘን ድንጋይ የምትሠራ ከሆነ ኃይሉ ሲደክም ንዝረቱ ይልፈሰፈሳል። እናታችሁ «ለመድኩት መሰለኝ» ካሉ መጀመሪያ ድንጋዩን ቀይሩ። ለሳምንታት የማትነካ ከሆነ ደግሞ ድንጋዩን አውጡላት፤ ውስጧ ካፈሰሰ ጠግኑልኝ ብትሉም የሚሆን ነገር የለም።